ያለ ሹሙ የተተከለው ድንኳን

አንድ የንጉሥ ድንኳን ሹም ነበር፤ ባሻ ዘገዬ ይባላል። ድንኳኑ የዛሬው የሠርግ ድንኳን እንዳይመስላችሁ ልጆቼ፤ ምሰሶው፣ ሸራው፣ ካስማው ተደምሮ ሦስት መቶ ቁራጭ ነው። ታዲያ እያንዳንዱ ባለሙያ የሠራውን ቁራጭ ደስ ባለው ስም ይጠራው ነበር። ውድነህ የተባለው አናጢ አንዱን ምሰሶ በእናቱ ስም «ተዋበች» አለው። ሌላው በበቅሎው ሰየመ፤ ምን ይደረግ! የትኛው የት እንደሚገባ የሚያውቅ ዘገዬ ብቻ ነበር። እሱ ከሌለ ድንኳን የለም።

አንድ ቀን ዘገዬ ሁሉንም ሰበሰበና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስም በቦታው ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሥራው፣ መጨረሻ ተራው። ምሥራቅ፣ ምሰሶ፣ ሦስተኛ። በየቁራጩ ላይ ጻፉት» አለ።

ውድነህ ተቆጣ። «ተዋበችን ልታስፍቀኝ ነው?»

«እናትህ የተከበሩ ናቸው፣ ውድዬ። ነገ የሚመጣው እንግዳ ግን እሳቸውን የት ያውቃቸዋል?»

ሰዉ ሳቀ። ውድነህ ጠጋ ብሎ፣ «አንተ ሞኝ! ሁሉም ካወቀው አንተን ማን ይፈልግሃል? የእንጀራ ገመድህን ራስህ ልትበጥስ?» አለው።

ነገሩ ዘገዬን አሳሰበው። እውነቱን ነዋ፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። ቢሆንም አስጻፈው።

ክረምት ገባ። ንጉሡ ሰፈር ሲለውጡ እሳቸው፣ ንግሥቲቱና ጭነቱ ወንዙን እንደተሻገሩ ውኃው ሞላና ዘገዬና ባለሙያዎቹ ወዲያ ማዶ ቀሩ። ሰማዩ ጠቆረ። ይባስ ብሎ ንግሥቲቱን ምጥ ያዛቸው። የመንደሩ ሰው ተጠራ፤ እንዲህ ያለ ድንኳን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አንድ ዲያቆን ስሙን ያነባል፣ ገበሬው ይሸከማል፤ ምሥራቅ በየት እንደሆነ መቼም ገበሬ አይስተውም። ዝናቡ ሳይወርድ ተከሉት። ልጁም በደረቅ ቦታ ተወለደ፤ እሰይ!

ውኃው ሲጎድል ዘገዬ መጣ። ንጉሡ ኮስተር ብለው፣ «ድንኳኑ ያለ አንተ ተተከለ። እንግዲህ አንተ ምን ታደርግልኛለህ?» አሉት።

ውድነህ አንገቱን ደፋ።

«ጃንሆይ፣ የለፋሁት ለዚች ቀን ነበር» አለ ዘገዬ።

ንጉሡ ፊታቸው ፈካ። «በል የግምጃ ቤቱንም የወጥ ቤቱንም አደራጅልኝ። እዚያ አንድ ሰው ከታመመ ማንኪያ እንኳ አይገኝም!»

የልጅ ልጄ በኮምፒውተር ቋንቋ ነው የምትሠራው። ሥራቸውን «ሞጁል» በሚሉት ቁራጭ ይከፋፍሉታል አሉ፤ በስሙም ይጨቃጨቃሉ። «ስም ምን ቁም ነገር አለው?» ብትለኝ ነው ይህን ያወራኋት። ልጆቼ፣ እኛ ብቻ የምናውቀው ነገር የሚያስከብረን ይመስለናል። ትልቅ ሰው ግን የማያውቀው እንግዳ እንኳ እንዲሠራበት አመቻችቶ የሚተው ነው። እስቲ እናንተ ዛሬ ብትታመሙ፣ ያስቀመጣችሁትን ማን ያገኘዋል?