ጥቁሩ ዳኛ

ባሌን ወንዝ ከነፈረስ ጋሪው እንደወሰደው በነገሩኝ ቀን፣ የሠርጋችንን ፎቶግራፍ አውርጄ ሳየው በለቅሶዬ መሀል ሳቅ አመለጠኝ።

እሱ ጥቁር ነበር፣ እኔ ነጭ። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ በነበረችው ከተማችን፣ በሠርጋችን ዕለት ነጩ ዳኛ ፎቶ ቤት ድረስ ተከትሎን ገባና ገና ያልታተመውን ምስል ከነመስታወቱ ቀማን።

«ጥቁር ነጭ ማግባቱ ወንጀል ነው። ማስረጃው ይኸው፤ ቅደም ወደ እስር ቤት» አለው።

ያኔ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነበር፤ ምስሉ ወረቀት ላይ እስኪታተም ድረስ፣ መስታወቱ ላይ ነጩ ጠቁሮ ጥቁሩ ነጥቶ ይታያል።

ባሌም «ክቡር ዳኛ፣ እስቲ ወደ ብርሃኑ ይያዙት» አለ። «በማስረጃዎ ላይ ነጩ እኔ ነኝ። ትናንት ፎቶ የተነሱበት የእርስዎ መስታወትም ያው መስኮቱ ላይ ነው፤ ከሰል መስለዋል። ታዲያ ጥቁር ዳኛ ነጭ ሰው የሚያስረው በየትኛው ሕግ ነው?»

ዳኛው የእኛን መስታወት አስቀምጦ የራሱን በኮቱ ሸፍኖ ወጣ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለባሌ ነፍስ ጸልዩልኝ።