«አለሁ» ያለው ኮምፒዩተር

አንድ የኔትወርክ ባለሙያ ነበረ፤ ይርዳው ይባላል። ሥራው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በየክፍለ ሀገሩ ጤና ጣቢያዎች ያሉትን ኮምፒዩተሮች መጠበቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ለእያንዳንዳቸው «አለህ?» የምትል አጭር መልእክት ይልካል። «አለሁ» ብሎ የመለሰው ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይሆናል፤ ዝም ያለው ቀይ ይሆናል።

ከሁሉም አብልጦ የሚወደው የጎሬ ጤና ጣቢያውን ኮምፒዩተር ነበር። ሌሎቹ በየሰበቡ እየጠፉ ሲያስለፉት፣ ይኼኛው ከተነሣ ጀምሮ ተኝቶ አያውቅም። ይርዳውም የወለደው ይመስል ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራለታል።

እሁድ እሁድ ደግሞ ወልድያ ላለችው ታላቅ እህቱ ለደብሬ ይደውላል። የአልጋ ቁራኛ የሆነውን አባታቸውን የምታስታምመው እሷ ናት። ወንድሞቿ ሁሉ «ደብሬ ትችለዋለች» ብለው ትተውላታል።

«እታለም፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ ተመስገን።»

በቃ፣ ልቡ ያርፍና ስልኩን ይዘጋል።

አንድ ቀን የጎሬው ኮምፒዩተር ቀጥ አለ። የበሽተኛ ካርድ የሚያወጣ ጠፋ፤ ሰውም ደጅ ላይ ተሰልፎ ቀረ። አለቃው ወይዘሮ አስካለ ጠሩት።

«ምነው ቀደም ብለህ ሳትነግረን?»

«ትናንትም ጠይቄው ‹አለሁ› ብሎኝ ነበር እኮ።»

ወይዘሮ አስካለ ፈገግ አሉ። «አንተዬ፣ አለሁ ማለትማ ሸክም ሥር ሆኖም ይባላል። ጫናውን አይተኸው ታውቃለህ?»

አላየም። ስክሪኑ ላይ ከፍቶ ቢያይ ለካ የጎረቤት ጣቢያዎች ሥራ ሁሉ ተቆልሎበታል። ሌላው በጠፋ ቁጥር ሥራውን ወደ ጎሬ ያዞረው ራሱ ይርዳው ነው፤ መመለሱን ግን ረስቶታል። ሥራውን ለየባለቤቱ መልሶ ኮምፒዩተሩን አስነሣውና እሁድን ሳይጠብቅ ደወለ።

«እታለም፣ ሰሞኑን ምን ከበደሽ?»

ደብሬ እንዲህ ተጠይቃ አታውቅም።

«አባባን ማንሣት አቃተኝ፤ ወገቤ እምቢ አለ» አለች። «እንዳላስጨንቅህ ብዬ ነው እንጂ።»

ይርዳው በሳምንቱ ወልድያ ወርዶ አባቱን ወደ ቤቱ አመጣ፤ ሌሎቹ ወንድሞችም አፍረው ተራ ገቡ። ወር ቆይቶ ሲደውል ደብሬ ሳቀች።

«አለሁ። አሁንስ እውነቴን ነው።»

ወዳጆቼ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። «አለሁ» ያላችሁን ሁሉ ደህና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የተሸከመውንም ጠይቁት፤ ስትሰሙም እጃችሁን ዘርጉ። ለመሆኑ እናንተስ «ትችለዋለች» ብላችሁ የተዋችኋት ማንን ነው?