የፊታውራሪ ፈረስ ጭራ

አንዲት ምላሷ የሰላ አዝማሪ ለመንደሩ ወጣቶች ማሲንቆ መሥራትና ዜማ ማውጣት ታስተምር ነበር። እንጨቱ ተጠረበ፣ የፍየል ቆዳውም ተወጠረ፤ ለክር የሚሆን የፈረስ ጭራ ግን ጠፋ። ባገሩ ፈረስ ያላቸው ፊታውራሪ ጓንጉል ብቻ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ማን ደፍሮ ይለምናል?

አንድ ቀን ፊታውራሪ ሠርግ ተጠርተው ዳስ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡ፣ ተማሪዎቹ ደጅ የታሰረውን ፈረስ ጭራውን ሙልጭ አድርገው ሸለቱት። ወዲያው ማሲንቋቸውን ወጥረው ከአዝማሪዋ ጋር ወደ ዳሱ ገቡና ለፊታውራሪ አዲስ ውዳሴ አወጡላቸው። ፊታውራሪ ደስ ብሏቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሳለ ባልደራሳቸው እየሮጠ መጣ።

“ጌታዬ፣ የፈረሱ ጭራ የለም!”

ፊታውራሪ ማሲንቆዎቹን አዩና ገባቸው። አዝማሪዋ ላይ አፈጠጡ።

“አንቺ! ይህን ጭራ አሁኑኑ ከነበረበት ትመልሻለሽ። አለዚያ ማሲንቆውን ሁሉ እሳት ውስጥ ነው የምጨምረው!”

ተማሪዎቹ ማሲንቋቸውን እቅፍ አደረጉ። አዝማሪዋ እጅ ነሳች።

“እመልሳለሁ፣ ጌታዬ። ግን ቅድም ሲያወድስዎ የነበረው ይኸው ጭራ ነው። ከነበረበት ከመለስኩት፣ ከእንግዲህ ውዳሴዎን የሚሰማ ሰው ጆሮውን የት ሊደግን ነው?”