በጥያቄ ምልክት ፋንታ ሦስት

አንድ ሰው የገዛ ስሙን እንዲያጣ አድርጌአለሁ። ክፋት አስቤ አልነበረም፤ ጉዳቱ ግን ታስቦበት ከተደረገው አላነሰም። ታሪኩን የሌላ ሰው አስመስዬ እነግራችኋለሁ። አሰልጣኟ እኔ እንደሆንኩ ከወዲሁ እወቁት፤ የሌላ ሰው የማስመስለው "እኔ" እያልኩ ስጀምረው ለራሴ መሟገት ስለሚቀናኝ ነው።

በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በዕቅድ ክፍል የምትሠራ ሴት ነበረች። በምሳ ሰዓት ከስልኳ አትለይም፤ የእግር ኳስ አሰልጣኝነት ጨዋታ ትወድ ነበር። በዚህ ጨዋታ ኳስ የሚመታ የለም። የሚጫወተው ሰው ተጫዋቾቹን ይመርጣል፣ ለእያንዳንዱ ቦታና ሥራ ይሰጣል፣ ከዚያ ውጤቱን ይጠብቃል። እያንዳንዱ ተጫዋች ካርድ አለው። ፍጥነቱ፣ ቅብብሉ፣ እርጋታው፣ ትእዛዝ መቀበሉ ሳይቀር ከሃያ ታርሞ ካርዱ ላይ ተጽፏል። በደንብ ያልታየ ተጫዋች ከሆነ ግን በቁጥሩ ቦታ የጥያቄ ምልክት ይቀመጣል። መልማይ ተልኮ፣ ደጋግሞ አይቶት እስኪመለስ ድረስ ምልክቱ አይነሳም። ሴትየዋ በዚህ ጨዋታ ብዙ ዋንጫ በልታለች።

ለሠራተኞች ቀን የፋብሪካው ክፍሎች ሴቶች እርስ በርስ ይጋጠማሉ። በዚያ ዓመት የሽመና ክፍል ቡድን አሰልጣኝ አጥቶ ነበርና፣ "እሷ ስለ ኳስ የማታውቀው የለም" ተብሎ ለዚህች ሴት ተሰጠ። አሰልጣኟ ከሜዳው ዳር ቆማ አንድ ልምምድ አየች። ወዲያው ልክ እንደ ጨዋታው ካርድ ሠራች፤ ፎቶ ለጠፈችበት፣ ቁጥር ሞላችበት፣ በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው።

በማግስቱ የልብስ መቀየሪያው ክፍል በሳቅ ተሞላ።

"ፍጥነት አሥራ ሰባት! ባሌ ይየው፤ ቀርፋፋ እያለ ነው የሚሰድበኝ" አለች አጥቂዋ።

"እርጋታ ሁለትም ይላል፤ እሱንም አሳዪው" አለቻት ሌላዋ።

በረኛዋ ደግሞ፣ "የኔ ዝላይ ስምንት? ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ሲል ባዩኝ ኖሮ ሃያ ይሰጡኝ ነበር" ብላ አኮረፈች።

ጌጤነሽ ብቻ አልሳቀችም። ጌጤነሽ የመሀል ተከላካይ ነበረች፤ ቡድኑን የመሠረተችው እሷ ናት፣ በዕድሜም ሁሉንም ትበልጣለች። ካርዷ እንዲህ ይላል፤ ፍጥነት አምስት፣ እርጋታ አራት፣ ትእዛዝ መቀበል ሦስት። አሰልጣኟ ምክንያት ነበራት። በልምምዱ ላይ ከጀርባዋ ደጋግማ ጠርታት አንዴም አልዞረችም። በዚያ ላይ ሁለት እጇን በጓደኞቿ ላይ ስታወናጭፍ ነው የዋለችው። አሰልጣኟም "ነጭናጫ ናት፤ ሰው አትሰማም" ብላ ደመደመች።

ካርዱ ከግሩፑ ወጥቶ በፋብሪካው ተዛመተ። ተቀናቃኞቹ የፈትል ክፍል ሴቶች በር ላይ ጠብቀው "ሦስት፣ እንዴት አደርሽ?" ይሏት ጀመር። ካፍቴሪያ ውስጥ አንዷ "ለሦስት ሻይ አምጪ" ብላ ብታዝ አስተናጋጇ ሦስት ብርጭቆ ይዛ መጣች፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ ጌጤነሽ የሚላት ሰው እያነሰ ሄደ።

አንድ ቀን አሰልጣኟን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ቆማ ጠበቀቻት።

"ካርዴን አየሁት። ፎቶዋስ ቆንጆ ናት።"

"አይክፋሽ እትዬ ጌጤ። ቁጥር እኮ ነው፣ ይጨምራል።"

"ሦስቱም ይጨምራል?"

"ስጠራሽ ዞር ካልሽማ ይጨምራል።"

ጌጤነሽ የአሰልጣኟን ከንፈር ትኩር ብላ አየች። "እሺ" ብላ ሄደች።

የፍጻሜው ጨዋታ ከፈትል ክፍል ጋር ሆነ። አሰልጣኟ ጌጤነሽን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ዘቢባ የምትባለውን ሯጭ ልጅ ከክንፍ አንስታ የመሀል ተከላካይ አደረገቻት፤ የዘቢባ ፍጥነት አሥራ ስድስት ነበራ። ጨዋታው እንደተጀመረ የተከላካዮቹ መስመር ተበታተነ። አንዷ ወደ ፊት ስትወጣ ሌላዋ ትቀራለች፤ አንዷ ስትመለስ ሌላዋ ቆማ ታያለች። በመሀላቸው ሁለት ጎል ገባ። አሰልጣኟ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸች።

በእረፍት ሰዓት፣ "መስመር ጠብቁ እያልኩ አልነበረም እንዴ? ጆሮ የላችሁም?" አለቻቸው።

ዘቢባ ላቧን በማልያዋ ጠረገችና፣ "የለንም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"የለንም፣ አሰልጣኝ። ሽመና ክፍል ገብተው ያውቃሉ? ማሽኖቹ ሲነሱ የራስዎን ድምፅ እንኳ አይሰሙም። እዚያ የምናወራው በእጅ ነው። መካኒክ ጥሪ፣ ምሳ ደረሰ፣ አለቃ መጣ፣ ሁሉም በእጅ ነው። ሜዳም ላይ የምንወጣው የእትዬ ጌጤን እጅ አይተን ነው፤ የምንመለሰውም እጇን አይተን ነው። ዛሬ ዞር ብዬ ባይ ባይ እጅ አጣሁ።"

በረኛዋም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። "እሷ ደግሞ ማሽን ላይ የቆመችው በልጅነቷ ነው። ከጀርባዋ ቢጠሯት አትሰማም። ፊት ለፊት ከሆነ ግን ከንፈር ታነባለች። ለአለቃ 'ጆሮዬ ሄዷል' ማለት ከብዷት ይሆናል እንጂ ንቃዎት አይደለም።"

አሰልጣኟ ወደ ወንበሩ ሄደች። ከጌጤነሽ ፊት ቆማ፣ "እትዬ ጌጤ፣ ግቢ" አለቻት።

"እኔ ትእዛዝ አልቀበልም እኮ። ሦስት ነኝ" አለች ጌጤነሽ። ያን ብላ ተነሳች። የጫማዋ ክር ከጠዋት ጀምሮ እንደታሰረ ነበር።

ከእረፍት በኋላ እጇ ከፍ ሲል መስመሩ አብሮ ወጣ፣ ዝቅ ሲል አብሮ ተመለሰ። የፈትል አጥቂ ኦፍሳይድ ስትያዝ ስትያዝ ተማርራ ዳኛውን ተሳደበች። ሌላ ጎል አልገባም። ሽመናም አንድ አገባ፤ ግን አልበቃም፣ ሁለት ለአንድ ተሸነፉ።

አሰልጣኟ የማትረሳው ሽንፈቱን አይደለም። ጌጤነሽ እንደገባች የፈትል ደጋፊዎች እያጨበጨቡ "ሦስት! ሦስት!" ማለት ጀምረው ነበር። አሰልጣኟ በልቧ "ተመስገን፣ አትሰማም" አለች። ያን ጊዜ ጌጤነሽ ፊቷን ወደ ተመልካቹ መለሰች። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ፣ ከዳር እስከ ዳር አየች። ከንፈር ታነባለች። የተዘረጋው እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከፍ አደረገችው፤ መስመሩም ወጣ።

በሚቀጥለው የሥራ ቀን አሰልጣኟ ካርዶቹን ከግሩፑ አጠፋች። ቅጂው ግን በማታውቃቸው ሰዎች ስልክ ላይ ነበር። ይቅርታ ልትጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽመና ክፍል ገባች። በዚያ ሁካታ ውስጥ "ይቅርታ አድርጊልኝ" ስትል ራሷም አልሰማችውም። ጌጤነሽ ግን አነበበችው። ሁለት ጣቷን አገናኝታ ድንገት ለያየቻቸውና መዳፏን ወደ ታች ጫን አደረገች። አሰልጣኟ አልገባትም።

ከሥራ ሲወጡ፣ "ምን ነበር ያልሽኝ?" ብላ ጠየቀቻት።

"'ክር ተበጥሷል፣ ማሽኑን አቁሚ' ነው ያልኩሽ" አለች ጌጤነሽ። "የኛ ማሽኖች አሮጌ ናቸው። ክር ሲበጠስ ዝም ብለሽ ካየሽው ጨርቁ እስከ ጥቅሉ መጨረሻ ከነጉድለቱ ይወጣል። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን ሦስት የሚሉኝ ሰዎች ቃሉን የወሰዱት ካንቺ ነው። ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱ ንገሪያቸው።"

ይህን ለእናንተ፣ ለፋብሪካችን ሰዎች፣ የምጽፈው እሷ እንዳዘዘችኝ ነው። ከታሪኩ የተማርኩት ይህ ነው። ያ የስልክ ጨዋታ ከእኔ ይልቅ ሐቀኛ ነበር፤ ያላየውን አላየሁም ይላል። እኔ የጥያቄ ምልክት ማድረግ በነበረብኝ ቦታ ቁጥር ጻፍኩ። ከሜዳ ዳር ቆመን ለሰው የምንሰጠው ቁጥር ሰውየውን አይለካም፤ የቆምንበትን ቦታ ነው የሚያሳየው። ሰነፍ፣ ኩሩ፣ ነጭናጫ እያልን የምንለጥፈውም ያው ቁጥር ነው። እናንተስ፣ ፊቱ ሳትቆሙ ቁጥር የሰጣችሁት ሰው የለም?

ሦስት እያላችሁ የጠራችኋት ሴት ስሟ ጌጤነሽ ነው። እባካችሁ በስሟ ጥሯት። እኔንም ይቅር በሉኝ።