ለሙሽሪት ሁለት ጉልበት

ተረት ነው ብትሉኝ ተረት ይሁን፣ እውነት ነው ብትሉኝም አልጣላችሁም፤ ብቻ ጆሯችሁን አውሱኝ።

በአንዲት ነፋሻ ከተማ አሥር አለቃ ጫንያለው የሚባሉ የቀድሞ ወታደር ነበሩ። ግራ እግራቸውን ፈንጂ ከጭናቸው ወስዶታል፤ በምትኩ ሰው ሠራሽ እግር ተሰጥቷቸው እንደ ባልና ሚስት እየተነጫነጩም እየተቻቻሉም ሃያ ዓመት አብረው ኖረዋል። ታዲያ ልጃቸው ሐመልማል እሑድ ልትዳር፣ ረቡዕ ጧት የዚያ እግር የጉልበት ማጠፊያ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«አባዬ፣ ተወው፤ ጉልበት የምስመው ለምርቃት ነው። ለምርቃት አንድ ይበቃኛል» አለች ሐመልማል።

«ላንቺ ይበቃሻል፤ ለእኔ አይበቃኝም» አሉ።

ሙሽራ ከቤት የምትወጣው የእናትና የአባቷን ጉልበት ስማ ነው፤ አራት ጉልበት ማለት ነው። የሐመልማል እናት አፈር ከገቡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ከአራቱ አንዱን ብቻ ይዞ ልጅን መሸኘት ለአሥር አለቃ እንደ ሞት ነበር። ስለዚህ እግራቸውን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተው በትከሻቸው አንጠለጠሉና በሁለት ክራንች ወጡ።

መጀመሪያ የሄዱት ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው ሠራሽ እግር ወደሚጠገንበት ክፍል ነው። በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የዘንድሮ ግባችን፦ የቀድሞ ሠራዊት አባላት በአንድ ቀን፣ በአንድ በር የተሟላ ሕክምና ያገኛሉ።» አሥር አለቃ ሁለት ጊዜ አነበቡትና ልባቸው ሞቅ አለ። ጠጋኙ እግሩን አገላብጦ አየና፣ «ቀላል ነው አባባ። ብቻ የሐኪም ወረቀት ያምጡልኝ» አለ።

ወደ ሐኪሟ ሄዱ።

«ልጄ፣ ጠጋኙ ጉልበት አይጠግንም፣ ያለ ወረቀት። እሑድ ደግሞ መጣሁ መጣሁ ይላል። ወረቀቷን ጻፊልኝ።»

ሐኪሟ ደግ ነች፤ ተነሥታ የራሷን ወንበር ሰጠቻቸው። «እጽፍልዎ ነበር አባባ። ግን ካርድዎን ሳላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች። ከጀርባዋ ያ ወረቀት፣ ያ ግብ፣ በአራት ማዕዘኑ ተለጥፏል።

ወደ ካርድ ክፍል ሄዱ። በመስኮቱ አንዲት ሴት ብቅ አለች።

«የኔ ልጅ፣ ጠጋኙ ጉልበት አይጠግንም፣ ያለ ወረቀት። ሐኪሟ ወረቀት አትጽፍም፣ ያለ ካርድ። እሑድ ደግሞ መጣሁ መጣሁ ይላል። ካርዴን አውጪልኝ።»

«የወታደሮቹ ካርድ እንኳ ለብቻው ነው ያለው አባባ» አለች ሴትየዋ። «ለብቻው ያደረግነው እናንተ እንዳትንገላቱ ብለን ነው። የማኅበራችሁን ደብዳቤ ካመጡልኝ ዓይኔን ሳላሽ አወጣዋለሁ።» ግቡ እሷም መስኮት ላይ ነበር፤ እንዲያውም ነፋስ እንዳይወስደው በፕላስቲክ ሸፍናዋለች።

እንግዲህ በዚያች ከተማ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልመስክርላቸው። ሁሉም ደግ ነው። ደግነታቸው ግን ከጠረጴዛቸው አልፎ አይሄድም፤ የሚሄዱት አሥር አለቃ ናቸው፣ ያውም በአንድ እግር።

ሐሙስ ወደ ቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ሄዱ። ብብታቸው በክራንቹ ተልጧል።

«ወንድሜ፣ ጠጋኙ ጉልበት አይጠግንም፣ ያለ ወረቀት። ሐኪሟ ወረቀት አትጽፍም፣ ያለ ካርድ። ሴትየዋ ካርድ አታወጣም፣ ያለ ደብዳቤ። እሑድ ደግሞ መጣሁ መጣሁ ይላል። ደብዳቤውን ስጠኝ።»

ጸሐፊው እዚያው በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ጻፈላቸው። ከዚያ ራሱን አከከ። «ማኅተም የለውም እንጂ አልቆ ነበር። ማኅተሙ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የሣጥኑ ቁልፍ ሻምበል ንጋቱ አንገት ላይ ነው። ሻምበል ደግሞ ካኮረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል።»

ዓርብ ጧት አሥር አለቃ ወደ ሻምበል ንጋቱ ቤት ወጡ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ቁልፉ በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሻምበል፣ ጠጋኙ ጉልበት አይጠግንም፣ ያለ ወረቀት። ሐኪሟ ወረቀት አትጽፍም፣ ያለ ካርድ። ሴትየዋ ካርድ አታወጣም፣ ያለ ደብዳቤ። ጸሐፊው ደብዳቤ አይሰጥም፣ ያለ ማኅተም። እሑድ ደግሞ መጣሁ መጣሁ ይላል። ማኅተሙን ያውጡልኝ።»

«አላወጣም» አሉ ሻምበል። «አንተን ጠልቼ እንዳይመስልህ። ያንን ግብ አይተኸዋል?»

«ሦስት ቦታ አይቼዋለሁ።»

«የእኔ ቃል ነው። ከላይ ጠርተው ‹ለወታደሮቻችሁ ምን ይደረግ?› አሉኝ። ‹ሰውየውን በር ለበር አታንከራትቱት፤ በአንድ በር ይለቅለት› አልኩ። አጨበጨቡ፤ ጻፉት፤ ለጠፉት። በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰው ማኅተም ፍለጋ መጣብኝ። ተናደድኩና ቆለፍኩበት። ቢሮዎቹ ማኅተም ሲያጡ ማኅተም መጠየቁን ይተዋሉ ብዬ ነው።»

«ተዉት?»

«አልተዉትም።»

«ሰዎቹስ?»

ሻምበል አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ አገላበጡ። ከዚያ፣ «ሰዎቹ መምጣቱን ተዉት» አሉ ቀስ ብለው።

አሥር አለቃ ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ከከረጢቱ እግሩን አወጡና በሁለቱ መሐል አጋደሙት። «ሻምበል፣ በእነሱ ላይ የቆለፉ መስሎዎት በእኛ ላይ ቆለፉብን» አሉ። «ግቡ ልክ ነው፤ እርስዎም ልክ ነዎት። እኔ ግን እሑድ ልጄ ተንበርክካ ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ ባዶ ሱሪ ነው የምታገኘው። የእናቷንም አላገኘች።»

ሻምበል የተሰበረውን ማጠፊያ በጣታቸው ነካ አደረጉት። እሳቸው ልጅ አልወለዱም፤ ጉልበታቸውን ስሞ የወጣም የለም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አልደበቁትምም። ክሩን ከአንገታቸው አወለቁ።

«ተነሥ፣ አሥር አለቃ። አብረን ነው የምንሄደው፤ ከረጢቱን ለእኔ ስጠኝ» አሉ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ሻምበል ሣጥኑን ከፈቱ፤ ቁልፉንም ለጸሐፊው ትተው፣ «ከእንግዲህ ሰው አይጠብቀኝ» አሉት። ማኅተሙ ደብዳቤው ላይ አረፈ። ደብዳቤው ካርዱን አስወጣ። ካርዱ ሐኪሟን አስጻፈ። ወረቀቱ ጠጋኙን ከወንበሩ አስነሣ። ጠጋኙም ጉልበቱን ጠገነ፤ ሥራው የፈጀው ሩብ ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓት፣ ለሦስት ቀን መንገድ። ጠጋኙ ራሱ አፈረና፣ «አባባ፣ ሌላ ጊዜ ቀጥታ ወደ እኔ ይምጡ፤ ወረቀቱን እኔ ዞሬ አመጣዋለሁ» አለ። ሻምበል ይህን ሲሰሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ።

እሑድም መጣሁ እንዳለው መጣ። አሥር አለቃ ሱሪያቸውን ተኩሰው፣ ሁለት ጉልበታቸውን እኩል አጥፈው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሻምበል ንጋቱም ከዘመድ ተርታ ተቀምጠዋል። ሐመልማል በነጭ ልብሷ ተንበረከከች፤ ቀኝ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ወደ ግራው ዞረች። ሳመችው፤ ግንባሯንም አስደግፋ እዚያው ቆየች። ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

አሥር አለቃ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

«ልጄ፣ ያኛው እኮ አይሰማኝም» አሉ በሹክሹክታ።

«እኔን ይሰማኛል፣ አባዬ» አለች።

መረቋት። ምርቃቱ የእሳቸው፣ ተረቱ የእኔ፣ አሜን ማለቱ የእናንተ።