የእማማ ደብሪቱ ጎመንና የእግዜር እንግዳ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም። ድሮ ድሮ፣ ስሙን በረሳሁት አገር፣ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ሀብታቸው አንድ መደብ ጎመንና አንዲት ዶሮ ነው። ዶሮዋ መደቡን እንዳትጭር እግሯን ከአጥሩ ጋር አስረዋታል። ክረምት ነው፤ እንቁጣጣሽ ደርሶ «የጎመን ምንቸት ውጣ» እስኪባል ድረስ ከዚያ ጎመን ሌላ የሚቀመስ የላቸውም።

አንድ ቀን ነጭ ቢራቢሮ መጣች።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ ለአንድ ቀን ብቻ ያሳድሩኝ።»

እማማ ነጭ የለበሰን ጠርጥረው አያውቁም። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቢ» አሏት።

«እማማ፣ ይፍቱኝ» አለች ዶሮዋ።

«ጎመኔን ልትጭሪ? ዝም በይ!»

ቢራቢሮዋ ቅጠሉ ስር እንቁላሏን ጥላ ሄደች። በሳምንቱ አረንጓዴ ትሎች ተፈለፈሉ።

«የእግዜር እንግዶች ነን፤ እናታችን ጥላን ሄዳለች። ለአንድ ቀን ብቻ ያሳድሩን።»

እማማ አዘኑላቸው። «ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ በሞቴ!» አሉ። እሳቸው «በሞቴ» ያሉት ለወጉ ነው፤ ትሎቹ ግን የምር ያዙት። ጎመኑ ወንፊት ሆነ።

«እማማ፣ ይፍቱኝ» አለች ዶሮዋ።

«እንግዳ ፊት ልታሳፍሪኝ? ዝም በይ!»

ትሎቹ ጠገቡ። ከጎመኑ ግንድ ላይ ተጣበቁ፣ ቅርፊት አወጡ፣ ዝም አሉ። እማማ «ሞቱብኝ!» ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ። በልቶ የሞተ እንግዳ ነውና፣ ጠርጎ መጣሉን ነውር ነው ብለው ተዉት።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት መደቡ በነጭ ቢራቢሮ ተሞላ።

«የእግዜር እንግዶች ነን፤ ለቅሶ ልንደርስ መጣን። ለአንድ ቀን ብቻ ያሳድሩን።»

«የማንን ለቅሶ?» አሉ እማማ።

«የትሎቹን።»

እማማ ቅርፊቶቹን አዩ፤ ሁሉም ተቀደው ባዶ ሆነዋል። የለቀስተኞቹን ክንፍ አዩ፤ ገና እርጥብ ነው። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጎመን ቅጠል ገለበጡ። በማለዳ የወጣችው አንዷ ቀድማ እንቁላሏን ደርድራለች።

እማማ አልተሳደቡም። እንቁላሉን በአውራ ጣታቸው ደፈጠጡ፤ ሄደውም ዶሮዋን ፈቱ።

እርጥብ ክንፍ አይበርም። ዶሮዋ ለቅሶውን በአንድ ጠዋት ጨረሰችው። ትንሽ ጎመንም ጭራለች፣ አልዋሽም። የቀረው ግንድ ግን መልሶ አቆጠቆጠ፤ እንቁጣጣሽ ሲደርስም እማማ ደብሪቱ ከጎረቤት እኩል የሚያወጡት የጎመን ምንቸት ነበራቸው።

እኔ ከዚያ ጎመን አልቀመስኩም፤ ምክሩ ግን ደርሶኛል፦ ቅጠሉን ሳይገለብጡ፣ እንግዳ አያስቀምጡ።