ጉሮሮዋን ያመማት ውርንጭላ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ስልክ በያዙበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ሆዳም ነበር። ሆዱ ሲጮህ ከሦስት ወንዝ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ዝናብ መጣ ብለው ያሰጡትን እህል ያስገቡ ነበር። አደኑ አልሳካ ቢለው ተኝቶ የሚበላበትን ዘዴ አሰበና እሱም እንደ ሰው ስልክ ያዘ። ስሙን «ሻሼ» ብሎ አወጣ፤ የአንዲት ቆንጆ የአህያ ውርንጭላ ፎቶም ለጠፈ። የፎቶዋ ባለቤት የት ደረሰች ብላችሁ አትጠይቁኝ።

በዚያው አገር ቡሊት የምትባል ውርንጭላ ነበረች። እናቷ እመት አህያ ቀኑን ሙሉ ጭነት ላይ ስለምትውል ቡሊት ከስልኳ ጋር ብቻዋን ትውላለች። አንድ ቀን ሻሼ ከምትባል ከማታውቃት ውርንጭላ መልእክት መጣላት። እኔም እንዳንቺው ነኝ፣ እናቴ ጭነት ላይ ናት፣ አጫዋች የለኝም ይላል። ቡሊት አዘነችላትና ወዲያው መለሰችላት። ከዚያ ወዲያ ሲጻጻፉ መዋል ሆነ።

ሻሼ ጠያቂ ናት። እናትሽ መቼ ትመለሳለች፣ በራችሁ መቀርቀሪያ አለው ወይ፣ ውሻ ታሳድጋላችሁ ወይ ትላለች። ቡሊት አንዱንም አልደበቀች። ፎቶ ላኪልኝ ስትባልም ደጃቸው ካለው ዋርካ ሥር ቆማ፣ ወፍራም ጎኗን አዙራ ተነሳችና ላከች። ድምፅዋን ልስማ ብላ ስትደውል ግን ሻሼ ወዲያው ትዘጋዋለች። ጉሮሮዬን አሞኛል ብላ ትጽፋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ የሚል መልእክት ደረሳት፦ «ከወንዙ ማዶ፣ ቁልቋሉ አጠገብ የሽምብራ እሸት አግኝቻለሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ብቻሽን ነይ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

ሽምብራ የሚለውን ስታይ የቡሊት ጆሮዎች ቀጥ አሉ፤ ያለፈ ወፍ ሊያርፍባቸው ነበር። እየዘለለች ወጣች። ደጅ ስትደርስ ግን ያቺ የመጨረሻዋ ቃል እግሯን ያዘቻት። ሽምብራ መብላት ምን ነውር አለውና ነው ከእናት የሚደበቀው? እንዲህ ስታመነታ እመት አህያ ጭነቷን አራግፋ ስትመጣ አገኘቻት። ጎረቤታቸው እመት ቀበሮም አብራት ነበረች፤ ልጠይቃችሁ ብዬ ትላለች እንጂ የምትመጣው ለዋይፋዩ ነው።

ቡሊት እያፈረች ሁሉንም ተናገረች። እመት አህያ መልእክቶቹን አንብባ ስትጨርስ፣ ስልኩን ወንዝ እጨምረዋለሁ ብላ ተነሳች።

«ተይ እቴ» አለች ቀበሮ። «ስልኩን ብትጥዪው፣ ቤታችሁን ያወቀው የት ይጣላል? እስቲ ቡሌ፣ የዚችን ልጅ ድምፅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጉሮሮዋን ያማታል።»

«አህያ ቢታመምም ማናፋቱን አይተውም፣ የኔ ልጅ። ድምፁን የሚደብቅ ድምፁ የሚያስይዘው ነው።»

ቡሊት ዱላ ጠብቃ ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ግን አንገቷን በአንገቷ ላይ አሳርፋ «ስለነገርሽኝ ዛሬ እንደወለድኩሽ ነው የምቆጥረው» አለቻት። ከዚያ የሰፈሩን አህዮች ጠራችና ተያይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ።

አያ ጅቦ በበኩሉ ቁልቋሉ ሥር አድፍጦ የቡሊትን ፎቶ ያያል። ምራቁ ሲወርድ ወንዙ ክረምት የገባ መስሎት ሞላ። ጎኗን ላስ አደረገ፤ መስተዋት ነው። ደግሞ ላሰ። የስልኩ ሽፋን የበሬ ቆዳ ነበርና ሽታው ናላውን አዞረው፤ ሽፋኑን ብቻ ልቅመስ ብሎ ቢጎርስ ስልኩም አብሮ ወረደ። ጅብ ደግሞ የዋጠውን መትፋት አልለመደም።

አህዮቹ ማዶ ሲሻገሩ ቦታው ጭር ብሏል። ቡሊት እናቷ እግር ሥር ተሸጉጣ፣ ሻሼ እውነተኛ ብትሆንስ፣ ታዝንብኝ ይሆን እያለች ተጨነቀች። ቀበሮ ደውዪላትና እንወቀው አለቻት። ደወለች።

ከቁልቋሉ ሥር የሠርግ ዘፈን ከነከበሮው ተነሳ። አያ ጅቦ እንዳይዘጋው ስልኩ ያለው ከሆዱ ነው። ሆዱን በፊት እግሮቹ ቢያፍነው፣ በደረቱ ቢተኛበት፣ ዘፈኑ ባሰ፤ ቁልቋሉ ራሱ እስክስታ የሚወርድ መሰለ።

ቀበሮ ድምፅዋን አለስልሳ «ሻሼ፣ አንሺው እንጂ» አለች።

«ጉሮሮዬን አሞኛል» አለ ጅቦ፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ።

ከዚያ በኋላ አህዮቹ ያወረዱበትን ርግጫ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ጅብ እስከ ዛሬ ሲራመድ በኋላ እግሩ የሚያነክሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ዘፈኑም ከነሆዱ ኮረብታውን ዞሮ፣ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

እመት አህያ የያዘችውን ትንፋሽ ያን ጊዜ ለቀቀችው፤ የወንዙ ዳር ሣር በሙሉ ወደ አንድ ወገን ተኛ። ቡሊትም ሻሼ የሚለውን ስም ዳግም እንዳይጽፍላት ስልኳ ላይ ዘጋችው። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሆነው፣ እየተሳሳቁ ወደ ቤታቸው ወጡ።

ከዚህ የምንማረው፣ ፊቱን ያላየነውና ድምፁን ያልሰማነው የስልክ ወዳጅ የቤታችንን ነገር ሲጠይቀን፣ ይልቁንም «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ሲለን፣ ቶሎ ብለን ለወላጆቻችን መናገር እንጂ ብቻችንን ወደ ጠራን መሄድ እንደሌለብን ነው።